ሁልጊዜ ለሚጫን ሃርድ ቶፕ ምን ዓይነት ባሌስትራ ልግዛ?

የተንታ መንገድ | ደሴ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ጀመዓ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

መኪናዬ ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ናት፤ ሰባ ስምንት የምትባለዋ ሞዴል። ከፊት ሞላ (ጥምጥሙ ሽቦ)፣ ከኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢው ንጣፍ ብረት)። ሥራዬ የገጠር የእጅ ፓምፕ ጥገና ነው። ከደሴ ተነስቼ ኩታበርና ተንታ እመላለሳለሁ። ወረኢሉም እሄዳለሁ፤ አንዳንዴ ወደ ባቲ ቆላ እወርዳለሁ። ይቺ መኪና ባዶ የምትሆንበት ቀን የለም። ጄኔሬተር፣ የመፍቻ ሳጥን፣ መደርደሪያ ሙሉ መለዋወጫ፣ አራት ጀሪካን ውሃ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ደግሞ የፓምፕ ቧንቧ አለ። በዚያ ላይ ሦስት ሰው።

ባለፈው ሐሙስ ከተንታ ስመለስ ከኋላ በግራ በኩል "ጧ!" አለ። ወርጄ ሳይ ሁለተኛው ባሌስትራ ለሁለት ተከፍሏል። የተሰበረው ልክ የመሃል ቡሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ነው። ስብራቱን በባትሪ አየሁት። ግማሹ ጠቁሮ ዝጓል። ግማሹ ደግሞ አሁን እንደተቆረጠ ብረት ያበራል። ከመነዳሪ ቆርጬ ሸብ አድርጌ አስሬው፣ ቀስ እያልኩ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደሴ ገባሁ።

ከስምንት ወር በፊት አንድ ጋራዥ ባሌስትራውን አስቀጥቅጬ ነበር። አንድ ወፍራም የባሌስትራ ፍሬ፣ ማለትም ከንጣፍ ብረቶቹ አንዱን፣ ጨመሩልኝ። ሦስት ወር ሳይሞላው ተመልሶ ተኛ። አሁን አዲስ ልገዛ ነው። ሻጩ "ከሁሉም የጠነከረውን ውሰድ፤ ከ1,000 ኪሎ በላይ የሚችል አለ" ይለኛል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ተሳስቼ ብገዛ ሌላ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

---

ጦሳ | ደሴ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ወንድሜ፣ አብሽር። የኢሱዙ ባሌስትራ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ፍሬ ጨምርበት። እኔ ፒክአፔ ላይ እንደዚያ አድርጌ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ንቅንቅ አላለችም።

---

ሐረጎ | ኮምቦልቻ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05

እንኳን ዳገት ላይ አልሆነ። እግዜር ነው ያተረፈህ። አዲሱን ስትገጥም ስለ ፍሬኑ የምነግርህ አለኝ። ነገ እጽፋለሁ፤ አሁን መንገድ ላይ ነኝ።

---

ባለ ጋራዥ | ኮምቦልቻ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

የተንታ መንገድ፣ እንኳን በሰላም ገባህ ልጄ። ኮምቦልቻ ከሠላሳ ዓመት በላይ ባሌስትራ ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። ስለዚህ ሳትገዛ ስማኝ።

መጀመሪያ ስብራቱን እናንብበው። ጠቁሮ የዛገው ግማሽ የቆየ ስንጥቅ ነው። ውሃና አቧራ ሲገባበት ከርሟል። የሚያበራው ያን ቀን የተበጠሰው ነው። ሐሙስ ዕለት ጉድጓድ ገጥሞህ ቢሆን እንኳ እሱ አይደለም የሰበረው። ብረቱ ለወራት በጥቂት በጥቂቱ ሲሰነጠቅ ነበር።

ቦታውም ይናገራል። ባሌስትራው በሁለቱ ዩ ቦልት (የዩ ቅርጽ ባላቸው ማሰሪያ ብረቶች) አክስሉ ላይ፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው ብረት ላይ፣ ተጨምቆ ሲታሰር መሃሉ አይታጠፍም። የሚታጠፈው ከዩ ቦልቱ ወዲህና ወዲያ ያለው ክንዱ ነው። ዩ ቦልቱ ከላላ ግን መሃሉም አብሮ መታጠፍ ይጀምራል። እዚያ ደግሞ ቀዳዳ አለ። ስለዚህ ልጠይቅህ፤ ከስምንት ወር በፊት ከተሠራ በኋላ ዩ ቦልቱን ያጠበቀልህ ሰው አለ? አሮጌውን ዩ ቦልት መልሰው ነው የገጠሙት ወይስ አዲስ?

ወፍራሟን ፍሬ በተመለከተ። ባሌስትራ ውስጥ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው ጭነቱን የሚካፈሉት። የሌላ መኪና ፍሬ ስትጨምር ውፍረቱም ጉብጠቱም ይለያል። በደንብ ካልተጋጠመ ጫፉ ብቻ ይነካል፤ ወይም መሃሉ ብቻ። ያኔ አንዱ ፍሬ የሌሎቹን ሸክም ብቻውን ይይዛል። ጦሳ፣ አትቀየመኝ። አንተም መኪናህ ሥር ግባና ፍሬዎቹ መሃል ክፍተት እንዳለ እይ።

መቀጥቀጡም እንደዚያው ነው። በመዶሻ የተነሳ ባሌስትራ ለጊዜው ይነሳል፤ ጭነቱ ሲመጣ ይመለሳል። በእሳት አግለው ከሆነ ያጎበጡት ደግሞ ባሰ። ይህ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ግሎ፣ ባንዴ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ ተሞቆ ነው ጥንካሬውን ያገኘው። ከሰል ላይ አግለህ እንዲሁ ብታቀዘቅዘው ያ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። ባሌስትራ ላይ መበየድም አይታሰብም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። የትኛውን ልግዛ አልክ። ስንት ኪሎ ነው የምትጭነው? "ብዙ" አትበለኝ። ሁሉም ሰው "ብዙ" ነው የሚለኝ። የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ውጣ። ዘወትር የምትይዘውን ሁሉ ይዘህ፣ ነዳጅ ሞልተህ፣ ውሃውን ሞልተህ፣ ሰዎቹን አስቀምጠህ። ሦስት ጊዜ አስመዝን፤ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ የኋላዎቹን ብቻ፣ ከዚያ ጠቅላላውን። ባዶ ሃርድ ቶፕ ያለው ጓደኛ ካለህ እሱንም እዚያው ሚዛን ላይ አውጣው። ቁጥሩን አምጣልኝ፤ ባሌስትራውን ያኔ እንመርጣለን።

---

የተንታ መንገድ | ደሴ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። አንቱ እንዳሉት ዩ ቦልቱ አሮጌው ነው የተመለሰው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። እኔም መጠበቅ እንዳለበት አላውቅም ነበር። ረቡዕ ኮምቦልቻ ወርጄ አስመዝናለሁ።

---

ቧንቧ ውሃ | ደሴ | ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡50

ጋሼ ያሉትን በቁጥር ላግዝ። መካኒካል መሐንዲስ ነኝ። ይህን ነገር ሰዎች ሲያደናግሩት ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

አንድ ሞላ ወይም ባሌስትራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉት። አንደኛው ቁመቱ ነው። ሁለተኛው ጥንካሬው፣ ማለትም አንድ ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ስንት ኪሎ ይፈልጋል የሚለው። ገበያ ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ይጨፈለቃሉ።

የተኛ ባሌስትራ "ደክሟል" ይባላል። ግን ብዙውን ጊዜ የጠፋው ጥንካሬው አይደለም። ጉብጠቱ ነው። ያው ብረት ነው፤ ውፍረቱም ርዝመቱም አልተለወጠም። ስለዚህ ለአንድ ሳንቲ ሜትር የሚፈልገው ኪሎ ብዙም አይቀየርም። ዝቅ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ለዚህ ነው ቶሎ ጎሚኒውን (አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የሚከላከለውን ጎማ) የሚመታው። ከዚህ የምንረዳው፣ መኪና ተኛች ማለት የግድ የጠነከረ ባሌስትራ ያስፈልጋታል ማለት እንዳልሆነ ነው። ልክ የሆነ አዲስ ብቻ ሊበቃት ይችላል።

ውፍረት ግን በጣም አታላይ ነው። የባሌስትራ ፍሬ ጥንካሬ በውፍረቱ ሦስቴ ተባዝቶ (ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት) ነው የሚያድገው። ስፋቱና ርዝመቱ እኩል ሆኖ 7 ሚሊ የነበረው 8 ሚሊ ሲሆን ጥንካሬው ወደ 50 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በአንዲት ሚሊ ሜትር! የፊት ሞላ ደግሞ በሽቦው ውፍረት አራቴ ተባዝቶ ነው። ከ16 ሚሊ ወደ 17 ሚሊ ስትሄዱ 27 በመቶ ይጠነክራል። በዓይን አይቶ "ይሄ ትንሽ ወፈር ይላል" ማለት የማይበቃው ለዚህ ነው። ሞላ ቆርጦ ማሳጠርም እንደዚሁ ያታልላል። መኪናው ዝቅ ስላለ የለሰለሰ ይመስላል፤ ግን የሚሠራው ጥምጥም ስለቀነሰ ጠንክሯል።

ሞላ ሥር የሚገባው ጎማ ወይም ብረትስ? ከፍታ ይጨምራል። ጥንካሬ አንዲት ኪሎ አይጨምርም። ጭነት ያለበት ሰው በዚያ እንዳይታለል።

---

ባቲ ሰኞ | ኮምቦልቻ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ይቅርታ፣ ክሩን ላጣምም። የኔ ነገር ግን ከዚህ ጋር ይሄዳል።

ሰባ ዘጠኝ ፒክአፕ አለኝ። ሰኞ ሰኞ ለባቲ ገበያ እህል እጭናለሁ፤ አሥር ኩንታል ድረስ። ማታ ስመለስ ካሶኑ ባዶ ነው። ሌላውን ቀን ከሁለት ሰው በላይ አልይዝም። አምና ገበያ ላይ የጠነከረ የተባለውን ባሌስትራ ገዝቼ ገጠምኩ። ሲጫን ጥሩ ነው። ባዶ ስሆን ግን ኮረኮንች ላይ የኋላ ጎማው መሬት አይይዝም። ኩርባ ላይ ቂጧ ወደ ጎን ትዘላለች። ዝናብ ሲሆን እፈራለሁ። አሞርዛተር ልቀይር? ወይስ ባሌስትራው ነው?

---

ባለ ጋራዥ | ኮምቦልቻ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

ባሌስትራው ነው። ግን እሱ አልበደለም። ላንተ አልተሠራም።

የአንተና የተንታ መንገድ ጉዳይ ተቃራኒ ነው። እሱ ሁልጊዜ ጭኗል። አንተ በሳምንት አንድ ቀን ትጭናለህ። ባሌስትራ የሚመረጠው በብዛት ለሚኖርበት ጭነት እንጂ በዓመት ወይም በሳምንት አንዴ ለሚመጣው አይደለም። ሁልጊዜ 800 ኪሎ እንዲሸከም የተሠራ ባሌስትራ ባዶ ሲሆን አይታጠፍም። ካልታጠፈ ጉድጓዱን አይውጠውም። ጎማው ይዘላል፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም የለውም።

ላንተ የሚሆንህ የፋብሪካው ዓይነት ከሥሩ ረዳት ፍሬ ያለው ነው። አይተኸው ታውቃለህ፤ ከታች ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ሌሎቹን የማይነካ ወፍራም ብረት። ባዶ ስትሆን ሥራ የለውም። ስትጫን የላይኞቹ ወርደው እሱ ላይ ያርፋሉ፤ ከዚያ በኋላ አብሮ ይሸከማል። አንድ ባሌስትራ ሁለት ጠባይ ይኖረዋል ማለት ነው። አሥር ኩንታሉን ግን ካሶኑ ላይ ወደ ኬቢኑ አስጠግተህ ጫን። ሁሉን ወደ ኋላ በር አትከምር።

በነገራችን ላይ አሥር ኩንታል እህልና ሁለት ሰው፣ ሾፌሩን ጨምሮ፣ ፕሌቱ (የተፈቀደው ክብደት የተጻፈበት) ከፈቀደልህ ጋር ይሄዳል? በሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብበህ ታውቃለህ?

---

ባቲ ሰኞ | ኮምቦልቻ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡12

አላነበብኩም ጋሼ። ነገ አነባለሁ።

---

ሐረጎ | ኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡45

ቃል እንደገባሁት። ይህን ለሁላችሁም ነው የምጽፈው፤ እባካችሁ አትለፉት።

ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። በመካከሉ ያለውን የሐረጎን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ኩርባው አያልቅም፤ ከፊት ከባድ መኪና፣ ከኋላ ከባድ መኪና። ከሁለት ዓመት በፊት የምነዳት መኪና ላይ የኋላ ባሌስትራ ተቀየረ። ቆንጆ ሆነ። ቂጧ ተነሳ። በሳምንቱ ከደሴ ተጭኜ ስወርድ ግማሽ መንገድ ላይ የፍሬን ሽታ መጣ። ፔዳሉ ለስላሳ ሆነ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስለነበርኩ በሞተሩ ይዤ ዳር አቆምኳት። የፊት ቸርኬዎቹ ሲጠጓቸው ፊት ይለበልባሉ። የኋላዎቹን በእጄ ነካኋቸው፤ ለብ ብለዋል ብቻ። የኋላ ፍሬን አልሠራም ማለት ነው።

መካኒኩ ያሳየኝ ይህንን ነው። ከኋላ፣ ሻንሲው ላይ ትንሽ ቫልቭ አለች። ከእሷ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ከአክስሉ ጋር ይያያዛል። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ዝቅ ይላል፤ ዘንጉ ይገፋል፤ ቫልቯም "ጭነት አለ" ብላ ለኋላ ፍሬን ብዙ ዘይት ትለቃለች። ባዶ ሲሆን ሻንሲው ከፍ ይላል፤ የኋላ ጎማ እንዳይቆለፍ ትቀንሳለች። እኔ ጠንካራ ባሌስትራ ሳስገባ ተጭኜም ሻንሲው ከፍ ብሎ ቀረ። ቫልቯ ባዶ ነኝ ብላ አሰበች። ያን ሁሉ ጭነት የፊት ፍሬን ብቻውን ያዘው።

ሁሉም መኪና ላይ የለችም። ያላቸው ግን ባሌስትራ ሲቀየር ዘንጓ ወይም መያዣዋ በአዲሱ ከፍታ ልክ መስተካከል አለባት። ለመካኒካችሁ ንገሩት። ብዙዎቹ ይረሷታል፤ አንዳንዱም በሽቦ አስሯት ይተዋል።

---

ቧንቧ ውሃ | ደሴ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ሐረጎ፣ እንኳን አተረፈህ። ከዚህ ክር ሁሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

---

የተንታ መንገድ | ደሴ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡00

አስመዘንኩ። ሚዛኑ ያለው ድርጅት ውስጥ ያሉት ልጆች ደግ ነበሩ፤ ሦስት ጊዜ ወደፊት ወደኋላ አደረጉኝ።

ከፊት 1,240 ኪሎ። ከኋላ 1,980። ጠቅላላ 3,220። ከፕሌቱ ጋር አስተያየሁት፤ ትንሽ አልፌያለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ባዶ ሃርድ ቶፕ በዚያው ሚዛን ከኋላ 1,060 ሆነች። ስለዚህ የኔ የኋላ ጎማዎች ከባዶው 920 ኪሎ ጨምረው ነው የሚሸከሙት። ሻጩ ያለው የ1,000 ኪሎው ሊሆን ነው መሰለኝ።

ቁመቱንም ለካሁ፤ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ። በቀኝ 46 ሳንቲ ሜትር፣ በግራ 43። አክስሉና ጎሚኒው መሃል በግራ በኩል ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚገባው።

---

ቧንቧ ውሃ | ደሴ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡35

ገና አትግዛ! ጄኔሬተሩና ጀሪካኖቹ የት ነው ያሉት?

---

የተንታ መንገድ | ደሴ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡41

ጄኔሬተሩ ለማውረድ እንዲመች የኋላው በር ሥር፣ በግራ ነው። 95 ኪሎ ነው። ጀሪካኖቹ ከውጭ፣ የኋላ ፓራውልቱ ላይ ባሠራሁት መያዣ።

---

ቧንቧ ውሃ | ደሴ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

እንግዲህ እናስላ። በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት 2.98 ሜትር ነው፤ 3 ሜትር እንበለው። ከኋላ አክስሉ ወዲያ የተቀመጠ ነገር እንደ ሚዛን ዘንግ ነው። ኋላውን ይጫናል፤ ፊቱን ያነሳል።

ጄኔሬተሩ ከአክስሉ 1 ሜትር ወደ ኋላ ነው እንበል። 95 ኪሎው የኋላ ጎማዎች ላይ 127 ኪሎ ሆኖ ያርፋል። ከፊት ደግሞ 32 ኪሎ ይወስዳል። ያንኑ ጄኔሬተር ከአክስሉ ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ብታመጣው የኋላ ጎማ ላይ የሚያርፈው 79 ብቻ ነው። አንዲት ሳንቲም ሳታወጣ 48 ኪሎ ቀነስክ።

ጀሪካኖቹ 80 ሊትር፣ 80 ኪሎ ናቸው። ፓራውልቱ ከአክስሉ 1.2 ሜትር ያህል ቢርቅ 112 ኪሎ ይሆናሉ። ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ፣ ከአክስሉ አንድ ሜትር ወደ ፊት ብታስቀምጣቸው 53። ሌላ 59 ኪሎ። ሲደመር 107 ኪሎ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ሄደ። የፊት ጎማህም መሬቱን ይይዛል፤ መሪህ አልቀለለብህም?

---

የተንታ መንገድ | ደሴ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡33

ወላሂ ቀልሎኛል። ዳገት ላይ መሪዋ የኔ አይመስለኝም። ማታ ደግሞ ከፊቴ የሚመጣው ሁሉ መብራት ያበራብኛል፤ ረዥሙን ያበራሁ ይመስለዋል። እህቴ፣ ምን ብዬ ላመስግንሽ።

---

ባለ ጋራዥ | ኮምቦልቻ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

ልጄ፣ ዕቃውን አስተካክልና ሳጥኑን ገልብጠህ የማትጠቀምበትን አውጣ። ሁሉም የሥራ መኪና ውስጥ የተረሳ ብረት አለ። ፖርቶመጋላው ላይ ያለውንም ቀንስ፤ ከላይ ያለ ኪሎ ኩርባ ላይ ከታች ካለው የበለጠ ይወዘውዛል። ከዚያ እንደገና ሚዛን ላይ ውጣ።

ሌላም ልንገርህ። የጠነከረ ባሌስትራ ፕሌቱ ላይ ያለውን ቁጥር አያሳድግም። አክስሉ ያው ነው፤ ኩሽኔታው ያው ነው፤ ፍሬኑ ያው ነው፤ ሻንሲው ያው ነው። ባሌስትራ የሚያደርገው የተፈቀደልህን ጭነት ቀጥ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው።

---

ጦሳ | ደሴ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጋሼ፣ መኪናዬ ሥር ገብቼ አየሁ። አንቱ እንዳሉት ነው። የኢሱዙው ፍሬ መሃል ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ የሚነካው በጫፉ ነው። የነካበት ቦታ ላይ የላይኛው ባሌስትራ ተበልቶ ጎድጉዷል። የሚቀጥለው ሳምንት ይዣት እመጣለሁ። የተንታ መንገድ፣ የእሑዱን ምክሬን ተወው።

---

የተንታ መንገድ | ደሴ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡15

ዛሬ እንደገና አስመዘንኩ። ጄኔሬተሩ ከአክስሉ ወደ ፊት መጣ። ጀሪካኖቹ ከወንበር ጀርባ ታሰሩ። ከሳጥኑና ከፖርቶመጋላው 60 ኪሎ አወጣሁ። የተጣመመ ቧንቧ፣ የተቃጠለ ሞተር፣ የማላስታውሰው ሰንሰለት ሁሉ ነበር።

ከፊት 1,350፤ ከኋላ 1,810። ጠቅላላ 3,160፤ ፕሌቱ ውስጥ ገባሁ። ከባዶው 750 ኪሎ ነው የሚበልጠው። ሻጩ ያሉት ሦስት ናቸው፤ ዘወትር እስከ 500፣ እስከ 800፣ ከዚያ ከ1,000 በላይ የሚለው። እስከ 800 የሚለውን ያዝኩ። የ1,000ው ቢሆን ኖሮ እንደ ባቲ ሰኞ ልዘል ነበር።

የፊት ሞላውስ ጋሼ?

---

ባለ ጋራዥ | ኮምቦልቻ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡00

ጥሩ መርጠሃል። የፊቱን አትንካው አልልም፤ ግን መጀመሪያ ኋላው ይግባና ለካው። ኋላው ሲነሳና ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ፊቷ የምትቆምበት ይለወጣል። ያኔ ቀኝና ግራው እኩል ከሆነ፣ ጎሚኒውም ከራቀ፣ ገንዘብህን ያዝ። ከፊት ብዙ ከፍ ማድረግም መዘዝ አለው። አክስሉ ትንሽ ይዞራል፤ መሪው ቀጥ ብሎ መሄድ ያስቸግረዋል፤ የፍሬን ጎማ ቱቦውም ይወጠራል።

አሞርዛተሩን ግን ከባሌስትራው ጋር ቀይር። ባሌስትራው ሲጠነክር መልሶ የሚወረውርበት ጉልበትም ይጨምራል። ያንን የሚይዘው አሞርዛተሩ ነው። አሮጌው አይችለውም።

ስትገጥም ዩ ቦልቱም ዳዶውም አዲስ ይሁን። ቦኮላውም (የባሌስትራው ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ጎማ) አዲስ ይሁን። የባሌስትራውን የጫፍ ቡሎኖች መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቅ። ጎማው መሬት ይንካ፣ ክብደቱ ይረፍ፣ ከዚያ አጥብቅ። አለበለዚያ የጎማ ቦኮላው ተጠምዝዞ ይታሰርና ቶሎ ይቀደዳል። 500 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ዩ ቦልቱን እንደገና አጥብቅ። ይህቺን ብቻ ከስምንት ወር በፊት ቢያደርጉልህ ኖሮ ምናልባት ዛሬ እዚህ አትጽፍም ነበር። የሐረጎን ቫልቭም እዚያው ቆሜ አሳይሃለሁ።

---

የተንታ መንገድ | ደሴ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

ዘገየሁ፤ ተንታ ነበርኩ። ከዚያ ደግሞ ባቲ።

ባሌስትራው ጋሼ ጋራዥ ገባ። ተጭኜ የኋላው ቁመት በቀኝም በግራም 52 ሳንቲ ሜትር ሆነ። አክስሉና ጎሚኒው መሃል አሁን እጄን ዘርግቼ አስገባለሁ። የፍሬን ቫልቯ የኔም ላይ ነበረች። ዘንጓ ወደ "ባዶ" ተጎትታ ነበር፤ ጋሼ መያዣዋን አስተካከሉልኝ። ሐረጎን ስወርድ በሁለተኛ ማርሽ ነበርኩ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ አራቱንም ቸርኬ ዞሬ ነካሁ። የኋላዎቹም ሞቀዋል። ሐረጎ፣ አንተን አሰብኩህ።

በ500 ኪሎ ሜትሩ ዩ ቦልቱን ሳጠብቅ እያንዳንዱ ዳዶ ሩብ ዙር ያህል ገባ። አዲስ ሆኖ እንኳ ይላላል ማለት ነው። የፊት ሞላውን አልቀየርኩም፤ ቀኝና ግራው እኩል ነው። ኩታበር ያለው ኮረኮንች ላይ ድሮ ጎሚኒው ሲመታ ወገቤን ይይዘኝ ነበር። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታው፤ እሱም የኔ ጥፋት፣ ፈጥኜ ነበር።

የተሰበረውን ፍሬ አልጣልኩትም። ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ጥቁሩና የሚያበራው ጎን ይታያል።

---

ባቲ ሰኞ | ኮምቦልቻ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

ደስ ብሎኛል ወንድሜ። ፕሌቱን አነበብኩ ጋሼ፤ ከአሥር ወደ ስምንት ኩንታል ወርጃለሁ። ረዳት ፍሬ ያለውን የፋብሪካ ባሌስትራ አግኝቻለሁ። ሚዛን ላይ መቼ ልውጣ፤ ተጭኜ ነው ባዶዬን?

---

ባለ ጋራዥ | ኮምቦልቻ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሁለቱንም። ነገ ለባቲ ስትጫን መንገድህን በሚዛኑ አድርግና ኋላውን ጻፍ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ባዶዋን ይዘሃት ና። ረዳቱ ፍሬ በስንት ኪሎ መንካት እንዳለበት ከሁለቱ ቁጥር እናየዋለን።